በአንድ ኩሬ የተለቀቀ እንግዳ



በዛሬው ምሽት የምንነጋገርበት ጕዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ስለ ጦርነት ወይም ስለ ነገሥታት አይደለም፤ ሰው በጓሮው ቈፍሮ ውሃ ስለሚያጠራቅምበት ኩሬና በኩሬው ውስጥ ስለሚያረባው ክሬይፊሽ ስለሚባለው እንስሳ ነው። ሆኖም አንድ ባለ ርስት በአንዲት ኩሬ ያደረገው ነገር የብዙ አገሮችን ወንዞች ስለ ለወጠ፥ ታሪኩ በተለይ ፈቃድ ለሚሰጥና ደንብ ለሚያወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ክሬይፊሽ የሸርጣን ዘመድ ነው፤ መልኩ ግን ይበልጥ የባሕሩን ሎብስተር ይመስላል። አሥር እግሮች ሲኖሩት ከእነዚህ የፊተኞቹ ሁለቱ እንደ ጕጠት የሚቈነጥጡ ናቸው። ሰውነቱ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ስለ ሆነ፥ የሚያድገው አሮጌውን ቅርፊት እያወለቀ አዲስ በመልበስ ነው። እንስቲቱ እንቍላሎቿን ከጅራቷ ሥር አጣብቃ እስኪፈለፈሉ ድረስ ትሸከማለች። ቀን በድንጋይ ሥር ወይም በጕድጓድ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ የውሃ ሣር፥ ቀንድ አውጣ፥ ትልና የሞተ ዓሣ ይበላል። አየሩ ርጥብ በሆነ ሌሊት ደግሞ ከውሃው ወጥቶ በየብስ ላይ ይሄዳል። አድማጮች ይህን የመጨረሻውን ጠባዩን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ ያስፈልገናልና።

በአውሮፓ ክሬይፊሽ ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ምግብ ነበር። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት ሥጋ በማይበላበት በጾም ወራት ይመገቡት ስለ ነበር በገዳማቸው ኩሬ ያረቡት ነበር። ከዓይነቶቹ ሁሉ ይበልጥ የተመሰገነውን ጀርመኖች ኤደልክሬብስ፥ ማለት «የከበረ ክሬይፊሽ» ብለው ሰየሙት። በ19ኛው መቶ ዓመት የባቡር ሐዲድ በተዘረጋ ጊዜም ከነሕይወቱ በቅርጫት እየተጫነ ወደ ፓሪስና ወደ በርሊን ገበያ ይጓዝ ጀመር። ለብዙ የገጠር ሰው ከእርሻው ጎን የሚያገኘው ገቢ ሆነ።

ከዚህ በኋላ መቅሠፍቱ መጣ። በ1859 ገደማ በሰሜን ኢጣልያ፥ በሎምባርዲያ ወንዞች ውስጥ ክሬይፊሽ በጅምላ ሞቶ ተገኘ። በሽታው ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን ተሻገረ፤ በ1893 ከፊንላንድ ደረሰ። በ1907 ደግሞ ከፊንላንድ ወደ ስቶክሆልም ገበያ የመጡ የታመሙ ክሬይፊሾች ሜላረን በተባለው ሐይቅ ውስጥ ተጣሉ፤ በዚህም ምክንያት በሽታው ወደ ስዊድን ገባ። እንግዲህ የጣላቸው ሰው የማይሸጥ ዕቃ አስወገድሁ እንጂ የአገሩን ውሃ መረዝሁ አላለም።

ገዳዩ በዓይን የማይታይ፥ ሻጋታ የሚመስል የውሃ ሕዋስ መሆኑን የጀርመኑ ሊቅ ሺኮራ በ1906 ገለጠ። ዘሩ በውሃ ውስጥ እየዋኘ ከእንስሳው ቅርፊት ላይ ይጣበቅና ወደ ውስጥ ይበቅላል። የአውሮፓው ክሬይፊሽ ይህን በሽታ የሚቋቋምበት ኀይል ስለሌለው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያልቃል። በሽታውን ለማስተላለፍ የታመመ እንስሳ እንኳ አያስፈልግም፤ ያልደረቀ መረብ ወይም ርጥብ ቦቲ ጫማ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንመለስ። በዚያን ጊዜ የጀርመን ግዛት በነበረችውና ዛሬ በፖላንድ ወሰን ውስጥ በምትገኘው በበርኖይሸን መንደር ማክስ ፎን ደም ቦርነ የሚባል ባለ ርስት ነበር። ይህ ሰው በ1826 ተወልዶ በ1894 የሞተ፥ ስለ ዓሣ እርባታ መጻሕፍት የጻፈ፥ በሙያውም እጅግ የተከበረ ነበር። የአገሩ ክሬይፊሽ ማለቁን አይቶ በ1890 ከሰሜን አሜሪካ ከዘጠና እስከ መቶ የሚደርሱ ክሬይፊሾች አስመጣና በርስቱ ላይ በነበረች አነስተኛ ኩሬ ውስጥ ለቀቃቸው። አሳቡ በጎ ነበር፤ የጠፋውን ለመተካት ነው። የአሜሪካው እንስሳ በሥጋው ያነሰ ቢሆንም ጠንካራ ነበር። ጭቃና ንጹሕ ያልሆነ ውሃ አያስመርረውም፤ ቶሎ ይደርሳል፤ ብዙም ይወልዳል። የኩሬው ባለቤት በሥራው የተሳካለት መስሎ ታየ።

ያላወቀው ግን አንድ ነገር ነበር። በሽታው ከመጀመሪያው የመጣው ከአሜሪካ ነበር። የአሜሪካው ክሬይፊሽ ከዚህ ሻጋታ ጋር ለብዙ ዘመናት አብሮ ስለ ኖረ በቅርፊቱ ውስጥ ይዞት ይዞራል እንጂ አይሞትበትም። ይህን የስዊድን ሊቃውንት በምርመራ ያስረዱት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው። ስለዚህ ለበሽታው መድኃኒት ተብሎ የመጣው እንስሳ ራሱ የበሽታው ተሸካሚ ነበር።

በእርግጥ በሽታውን ወደ አውሮፓ ያመጣው ፎን ደም ቦርነ አይደለም፤ በሽታው ከእርሱ 31 ዓመት ቀድሞ ገብቷልና በሐሰት ልንከሰው አይገባም። ነገር ግን ቀድሞ በሽታው አንዱን ወንዝ ባዶ ካደረገ በኋላ የሚኖርበት አካል አጥቶ ራሱ ይጠፋ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሰው ጤነኛ ክሬይፊሽ መልሶ ሊለቅ ይችል ነበር። የአሜሪካው እንግዳ በገባበት ወንዝ ግን በሽታው ቋሚ ቤት አገኘ። ወረርሽኝ የነበረው ነዋሪ ሆነ። የዚያች ኩሬ ዘሮች በወንዝና በመርከብ ቦይ እየተጓዙ፥ በሰው እጅም እየተዛወሩ፥ ዛሬ በአውሮፓ ከሃያ በሚበልጡ አገሮች ይገኛሉ።

ምንም እንኳ ይህ ትምህርት የተገኘ ቢሆን ስሕተቱ ተደገመ። ስዊድን በ1960 ሌላ ዓይነት የአሜሪካ ክሬይፊሽ በሐይቆቿ መልቀቅ ጀመረች። ከስዊድን ማራቢያ የተገኙት ግልገሎች በ1976 ወደ ብሪታንያ ተላኩ፤ ብዙ ገበሬዎችም ተጨማሪ ገቢ እናገኛለን ብለው በየኩሬያቸው አረቧቸው። ኩሬው ግን በር የሌለው ቤት ነበር። ቀደም ብለን እንዳልነው እንስሳው በሌሊት በየብስ ይሄዳልና ከኩሬ ወደ ፈሳሽ፥ ከፈሳሽ ወደ ወንዝ ተሻገረ። በ1981 በሽታው በብሪታንያ ወንዞች ታየ፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ባለ ነጭ ጕጠት ክሬይፊሽም ከብዙ ወንዞች ጠፋ። የመጣው እንግዳ የወንዞቹን ዳር እየቦረቦረ ያፈርሳል። መንግሥት ክሬይፊሽ በፈቃድ ካልሆነ እንዳይረባ የሚከለክለውን ደንብ ያወጣው በ1996 ነው፤ ያን ጊዜ ግን እንግዳው በብዙ ወንዞች ተራብቶ ነበር።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ፥ ከማዳጋስካር ደሴት በቀር አፍሪካ በተፈጥሮ ክሬይፊሽ የላትም። ነገር ግን በኬንያ፥ የእኛም ሐይቆች በተኙበት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በሚገኘው በናይቫሻ ሐይቅ፥ በ1970 የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ ተለቀቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ እየተያዘ ለውጭ ገበያ ይቀርብ ጀመር፤ ለጊዜውም ገንዘብ አስገኘ። ሆኖም በሐይቁ ፊት ተንጣለው ይታዩ የነበሩት የውሃ አበቦችና ከውሃው በታች የሚበቅሉት ሣሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጨርሰው ሊጠፉ ደረሱ። ለዚህም ሊቃውንቱ አንደኛ ዋና ምክንያት ያደረጉት ይህንኑ ክሬይፊሽ ነው። ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅ ላይ እንቦጭ ያደረሰውን ያየ ኢትዮጵያዊ፥ እንግዳ ፍጥረት በሐይቅ ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ሌላ አስረጂ አይፈልግም።

በመጨረሻም በ1990ዎቹ አጋማሽ በጀርመን አገር በቤት ውስጥ የዓሣ ማኖሪያ መስተዋቶች አንድ ያልታወቀ ክሬይፊሽ ተገኘ። ሁሉም እንስት ነው፤ ያለ ተባዕት ራሱን ያባዛል። እንዲህ ከሆነ አንዲት ብቻ ከመስተዋቱ ወጥታ ከወንዝ ብትጣል ወንዙን ለመሙላት ትበቃለች ማለት ነው። ይህም ዓይነት ወደ ማዳጋስካር ገብቶ በሩዝ እርሻዎችና በወንዞች ተስፋፍቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 አምስት የክሬይፊሽ ዓይነቶች እንዳይረቡ፥ እንዳይሸጡና እንዳይለቀቁ በሕግ ከለከለ። ከአምስቱ አንዱ ፎን ደም ቦርነ ከሕጉ 126 ዓመት በፊት እንደ መድኃኒት ያስመጣው ነው።

አድማጮች ሆይ፥ ይህን የተናገርነው ኩሬ መቈፈርን ወይም እርባታን ለመንቀፍ አይደለም። ዓሣ በኩሬ ማርባት የተመሰገነ ሥራ ነው። ከታሪኩ ልብ የምንለው፥ ከሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ክፉ አሳቢዎች አለመሆናቸውን ነው። አንዱ የጠፋውን ሊተካ፥ ሌላው ቤተ ሰቡን ሊረዳ፥ ሦስተኛው የአገሩን ንግድ ሊያሰፋ አሰበ። የጐደላቸው በጎ ፈቃድ ሳይሆን ጥያቄ ነበር። «ይህ እንስሳ የመጣው ከየት ነው? ከእርሱ ጋር ምን ይዞ መጣ? ኩሬው ሲሞላ ውሃው ወዴት ይፈስሳል? ቢያመልጥ መልሶ የሚይዘው ማን ነው?» የሚሉት አራት ጥያቄዎች በጊዜው ቢጠየቁ ኖሮ የብዙ ወንዞች ዕድል ሌላ በሆነ ነበር።

የጓሮ ኩሬ የግል ንብረት ነው፤ ከኩሬው የሚወጣው ውሃ ግን የሕዝብ ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛው ላይ እንዲህ ያለ ማመልከቻ የቀረበለት ሹም ጕዳዩ አነስተኛ መስሎ ቢታየውም ፊርማውን ከማሳረፉ በፊት እነዚያን አራት ጥያቄዎች ይጠይቅ። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይሏልና።