የመን ለምን እንዲህ ሆነች? የእኛ ልጆችስ እዚያ ለምን ይሞታሉ?

ጊንጪም ሆነ አምቦ፣ ጉደርም ሆነ ሆለታ፣ ስለ ሳዑዲ ሲወራ የመን ሳትጠራ አትቀርም፤ የባህሩ መንገድ የሚያልፈው በእሷ ነውና። ስለዚህች አገር በየጊዜው ስለምትጠይቁን ዋና ዋናውን ባጭሩ አዘጋጅተናል። ሴቭ አድርጉት።

🔹 ነገሩ ከየት ጀመረ?
እንግሊዝ የኤደንን ወደብ እ.ኤ.አ. በ1839 ይዛ እስከ 1967 ቆየች። ደቡቡና ሰሜኑ አንድ አገር የሆኑት በ1990 ነው። አሜሪካ ደግሞ አልቃይዳን ለመምታት ከ2002 ጀምሮ የመን ውስጥ ድሮን ተጠቅማለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁቲዎች ዋና ከተማዋን ሰንዓን ያዙ።

🔹 የምዕራባውያን እጅ የቱ ጋ ነው?
መጋቢት 2007 ዓ.ም. ሳዑዲ መራሹ ጥምረት ሁቲዎችን መደብደብ ጀመረ። አሜሪካና እንግሊዝ መሣሪያ ሸጡ፤ አሜሪካ እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የጥምረቱን አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ ትሞላ ነበር። ሁቲዎችን የምትደግፈው ደግሞ ኢራን ናት። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እስከ 2021 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ 377 ሺህ ሰው እንደሚሞት ገምቶ ነበር፤ ከግማሽ በላዩ በጥይት ሳይሆን በረሃብ፣ በበሽታና በሕክምና እጦት ነው።

🔹 ይሄ እኛን ምን አገባው?
ሕግ የሚያስከብር መንግሥት በሌለበት አገር ደላላው ንጉሥ ይሆናል። ስደተኛውን አግቶ፣ ደብድቦ፣ ቤተሰብ ጋ ደውሎ ብር ያስልካል። ጦርነቱም አልቀረለትም፦

▪️ የካቲት 28 ቀን 2013፦ ሰንዓ ውስጥ በሁቲዎች ሥር ያለ የስደተኞች ማቆያ ተቃጠለ። በርካታ ስደተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።
▪️ ነሐሴ 2015፦ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን እንደገደሉ በሪፖርት አወጣ። ሳዑዲ አስተባብላለች።
▪️ ሚያዝያ 20 ቀን 2017፦ የአሜሪካ የአየር ጥቃት ሰዓዳ ላይ የስደተኞች ማቆያ መታ። ሁቲዎች 68 ሰው ሞተ ብለዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ጥቃቱ በጦር ወንጀልነት እንዲመረመር ጠይቋል።
▪️ ሐምሌ 27 ቀን 2017፦ አብያን አካባቢ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

🔹 ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?
አንድ ብቻ አይደለም። ቦምቡን የጣለው፣ መሣሪያውን የሸጠው፣ ስደተኛውን የቆለፈበት፣ ድንበር ላይ የተኮሰው፣ ከዚህ የላከው ደላላ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። እዚህ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣት መኖሩንም አንርሳ። መንገዱ ሞት እንደሆነ እያወቀ የሚነሳው ሌላ ቀዳዳ ስላጣ ነው።

🔹 ልሂድ ለሚል
ደላላ “የመን አሁን ሰላም ነው” ካላችሁ አትመኑት። ውጭ አገር ሥራ በሕጋዊ መንገድ የሚኬደው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው። የኤጀንሲውን ፈቃድ ሳታጣሩ ብርም ፓስፖርትም አትስጡ። ባህሩን ለማቋረጥ የተነሳ ወንድም ወይ እህት ካላችሁ ደግሞ ይሄን አስነብቡት፤ ቢያንስ የሚሄድበትን አገር አውቆ ይወስን።