የሣር ታሪክ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ገብታለች፤ በዓልም እየደረሰ ነው። «አኮይ» አለችኝ (የእናት ወንድም በትግርኛ እንዲህ ነው የሚጠራው)፣ «ቤቴን ለበዓል በእጄ በሠራሁት ነገር ማስዋብ አምሮኛል። ገንዘብ የለኝም፤ እጄም ምንም አያውቅም። ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ነገር ካለ እስቲ ይንገሩኝ»።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ነገር ቢኖር የተማሪ ፈተና ማረምና ይቺን አምድ መጫጫር ነው። ሚስማር እንኳ ቀጥ አድርጌ መትቼ አላውቅም። «ተሳስተሽ ነው የደወልሽው» ልላት ነበር፤ ግን ሳቁ መጣና መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ እኮ የመቐለ ልጅ ናት! የእናቷና የአያቷ እጅ ከሣርና ከክር የማያወጣው ነገር አልነበረም። ክሩ የተበጠሰው ማን ጋ ደርሶ ነው? በስልክ ያልጨረስኩትን መልስ እነሆ እዚህ እቀጥላለሁ። አንባቢም ይታዘበኝ።

ስለ መቐለ ቤት አስዋቢዎች ታሪክ ጻፍ የተባለ ሰው ብዕሩን የሚያነሣው ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት መሆኑ አይቀርም። ሕንፃው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው ጃኮሞ ናሬቲ የሚባል ጣሊያናዊ አናጢ ነው። ለንጉሡ ዙፋን የሠራውም እሱ ነው። ሕንፃው ለረጅም ዓመታት ሙዚየም ሆኖ ያገለገለ በመሆኑ እኛም በተማሪነታችን ተሰልፈን ጎብኝተነዋል። የአናጢው ስም በመጽሐፍ ገብቷል፤ እሰየው፣ ይገባዋል።

ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ ከዚያው ቤተ መንግሥት ግርጌ ባሉት ቤቶች ውስጥ፣ ለቅዱስ ዮሐንስና ለፋሲካ ምደቡን በጭቃና በእበት ለቅልቃ ያለሰለሰችው፣ ሰፌዱን ሰፍታ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው፣ ለምለሙን ሣር የጎዘጎዘችው ሴት ስሟ የታለ? የለም። እንጨትና ድንጋይ ዕድለኞች ናቸው፤ ሠሪያቸውን አልፈው ይኖራሉ። ሣር በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፤ በአራተኛው ተጠርጎ ይጣላል። ታሪክ ጸሐፊ ሲመጣ የሚያገኘው የተጠረገ ወለል ነው። ስለዚህ የሣሩን ታሪክ ያየነው ሰዎች ካልተናገርነው ማንም አይናገረውም።

እኔ ካየሁት ልጀምር። ያደግሁበት ቤት ግድግዳ በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ የድህነት ምልክት ብቻ አልነበረም፤ የቤት ወግ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ዱቄት በውኃ በጥብጣ እሳት ላይ ታማስላለች። ያ ማጣበቂያችን ነው። ከሱቅ በኪሎ የተገዛው አሮጌ ጋዜጣ ይመጣል። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረ ጋዜጣ ነውና በየቤቱ ግድግዳ ላይ ስንት ድርብርብ ታሪክ እንዳለፈ አስቡት። በአምናው ላይ የዘንድሮው ይለጠፋል፤ አዋጁ በአዋጁ ላይ፣ ሹም ሽሩ በሹም ሽሩ ላይ! እናቴ ማንበብ ስለማትችል የምትለጥፈው ሥዕሉ ሲያምራት ነው። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ይለጠፋል። እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም ማንበብ ለመድኩ። የሥነ ጽሑፍ መምህር ያደረገኝ ዩኒቨርሲቲው ይመስላቸዋል ብዙዎች። እኔ ግን ግድግዳው ነው ባይ ነኝ።

ከላይ ደግሞ ኮርኒሱ አለ። ሻል ያለው አቡጀዲ ወጥሮ ኖራ ያስቀባል፤ ያነሰው የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ፣ ገጣጥሞ ይወጥራል። ልብ በሉ፤ እኛ አገር ያ ነጭ የፕላስቲክ ከረጢት ስንዴም ይያዝ ስኳር ስሙ «ማዳበሪያ» ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከጋዜጣውና ከኮርኒሱ ቀጥሎ ዳንቴል ነግሦ ነበር። የሬዲዮው ልብስ ዳንቴል፣ የወንበሩ መደገፊያ ዳንቴል፣ የቴርሞሱ ቆብ ሳይቀር ዳንቴል። ቃሉን ያመጣነው ከፈረንሳይኛ ነው፤ የቃሉ ሥር ጥርስ ማለት ነው፤ ዳንቴል «ትንሽ ጥርስ» እንደ ማለት ይሆናል። ኪሮሽም እንዲሁ ፈረንሳይኛ ነው፤ ትንሽ መንጠቆ። ቃሉ የባዕድ ነው፤ ሥራው ግን የጎረቤቶቻችን የከሰዓት በኋላ ወሬ አብሮ የተጠለፈበት የእኛው ዕቃ ነው። የአበባውን ቅርጽ አንዷ ከሌላዋ እያየች፣ በጣቷ እየቆጠረች ትገለብጠዋለች። መጽሐፍም አስተማሪም አልነበረም።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ የጠየቀችው «ለጀማሪ የሚሆን» ነገር አይደል? የአገራችን የዓመት ዙር ራሱ የጀማሪ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሆሳዕና ነው። ዘንባባውን በጥፍር ሰንጥቆ፣ ጣት ላይ ጠምጥሞ፣ ጫፉን አሹልኮ ቀለበት ማድረግ የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ልጅ የለም። ቀለበቱን የቻለ በላዩ ላይ መስቀል ያቆማል፤ መስቀሉን የቻለ ለግንባር የሚታሰር ይጎነጉናል። ከዚያ በሳምንቱ ቅዳሜ ሹር ቄጤማው ይመጣል። የጥፋት ውኃ መጉደሉን በለምለም ቅጠል ያበሰረችው የኖኅ ርግብ መታሰቢያ ነውና ምእመኑ በራሱ ላይ ያስረዋል፤ ቤትም ይጎዘጎዛል። ቄጤማ የሚጎነጎንም የሚሰፋም አይደለም፤ እኩል እኩል መበተን ብቻ ነው። ከዚህ የቀለለ የቤት ማስዋቢያ የት ይገኛል? አቧራውን ያስቀራል፣ ወለሉን ያቀዘቅዛል፣ ሽታው ደግሞ በዓል በዓል ይላል።

መስከረም ሲጠባ ተራው የአደይ አበባ ነው፤ እኛ ጋ «ገልገለ መስቀል» ይባላል። በጎጃምና በጎንደር ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ነቅለው፣ ከአደዩ ጋር ጎንጉነው በወላጆቻቸው ራስ ላይና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስራሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ወንዶቹ ልጆች በወረቀት ላይ ፀሐይና መልአክ እየሣሉ በየደጁ ያድላሉ። የስንደዶና የአክርማ መልቀሚያውም ይኸው የክረምት ማብቂያ ነው። ስንደዶው የስፌቱ ሆድ ይሆናል፤ አክርማው እየተሰነጠቀ፣ ቀለም እየተነከረ፣ በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ እየገባ ይጠመጠምበታል። ሐረር የሄደ ሰው የስፌትን ክብር ያያል፤ የሐረሪ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስፌት ነው የሚሸለመው።

እኛ ጋ ግን የዓመቱ ቁንጮ ነሐሴ 16 ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ አሸንዳ ይገባል። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ሰቆጣ ሻደይ ይሉታል፣ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፤ ሣሩና ጨዋታው ግን ዘመዳሞች ናቸው። አሠራሩን አክስቴ ጋ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሓትኖይ (የእናት እህት ማለት ነው) ረዣዥሙን ሣር መጀመሪያ በቁመት ያስተካክላሉ። ቀጥሎ ለወገብ የሚሆን ገመድ ይገምዳሉ። ከዚያ ሣሩን ጥቂት ጥቂት እየቆነጠሩ ገመዱ ላይ ጎን ለጎን ማሰር ነው። ሳይበዛ፣ ሳይሳሳ። ልጅቷ ስትወዛወዝ ሣሩ አብሮ መወዛወዝ አለበት። ካልተወዛወዘ ፈትቶ እንደገና ማሰር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጥቅምት 2013 ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ ጀመረ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ስልክ ተቋረጠ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ባንክ ተዘጋ። ሓትኖይ ይኑሩ አይኑሩ ሳላውቅ የከረምኩባቸው ወራት ነበሩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 አውሮፕላን መቐለ አረፈ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ሄድኩ።

ቤቱ ገብቼ ሰላምታውና ለቅሶው ካለፈ በኋላ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ያልነበሩ ሦስት ሰፌዶች ተሰቅለዋል። ነጭ ናቸው፤ ነጩ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል። አክርማ እንዲህ አያብለጨልጭም። ጠጋ ብዬ ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው ሓትኖይ?»

«ማዳበሪያ ነዋ ወደይ። የእርዳታ ስንዴ የመጣበት።»

«ሰማያዊውስ?»

«ጽሕፈቱ ነው።»

ከረጢቱን ክር በክር ተርትረውታል። በላዩ የታተመው ሰማያዊ ፊደል ከክሩ ጋር ተበታትኖ፣ ስፌቱ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ተረጭቶ ቀርቷል። እናቴ የጋዜጣ ፊደል ሳታነብ ግድግዳዋን አስጌጠችበት፤ እህቷ ደግሞ የከረጢት ፊደል ተርትረው ሰፉበት።

ደፍሬ ጠየቅሁ። «የሚበላ በጠፋበት ጊዜ ስፌት ምን ይሠራልዎታል?»

«እጅ ሥራ ካልያዘ ሐሳብ ይይዛል» አሉኝ።

በአዳራሽ ውስጥ ስንት ጊዜ ስለ ኪነ ጥበብ ፋይዳ ተንትኛለሁ! እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬ ግን አላውቅም።

ነሐሴ 2015 ደረሰ። አሸንዳ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በመቐለ አደባባይ ሊከበር ነው ተባለ። የሓትኖይ የልጅ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሣር ልታሠራ ትፈልጋለች፤ ግን አፍ አውጥታ መናገር ፈርታለች። ምክንያቱም የሓትኖይ የመጨረሻ ልጅ፣ የእሷ አጎት፣ በ2013 ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። በእኛ ባህል የሐዘን ቤት አይጎዘጎዝም፣ አይዘፈንበትም። ይህ ቤት ግን የሐዘን ቤት ነው ወይስ የተስፋ? ያንን የሚነግራቸው አልነበረም። በዚያን ጊዜ መቐለ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ቤት አንድና ሁለት አልነበረም። ጎረቤትም ሁለት ሐሳብ ነበር። ገሚሱ «ልጆቹ ምን አጠፉ? ይጫወቱ» ይላል፤ ገሚሱ «በማን ደም ላይ ነው የሚጨፈረው?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እኔም ለማንኛቸውም መልስ አልነበረኝም።

በዋዜማው ሓትኖይ ራሳቸው ገበያ ሄደው ሣር ገዝተው መጡ። ከጓዳ አሮጌ ጨርቅ አወጡና ገመድ መግመድ ጀመሩ። ልጅቷ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሣሩን እየመጠነች ታቀብላለች። ማንም ምንም አይናገርም። ሲያልቅ ወገቧ ላይ አስረው «እስቲ ተወዝወዢ» አሏት። ተወዛወዘች። ሣሩ አብሮ ተወዛወዘ።

ለገበያው የሄዱት ግን ሣሩን ብቻ ገዝተው ነበር። ቄጤማ አልነበረም። ልጅቷ «ወለሉስ?» ስትል ሰማኋት።

«አንቺ ዓመትሽን ተጫወቺ» አሏት፤ «ወለሉ ይቆይ። ወለሉ አጎትሽን ይጠብቅ።»

በማግስቱ ልጅቷ ከእኩዮቿ ጋር ከበሮ ይዛ ወጣች። ሓትኖይ በራፉ ላይ ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ ወደ ባዶው ወለል ተመለሱ። በሁለት ወሩ፣ ጥቅምት 2016 መጀመሪያ ላይ፣ የተዋጊዎቹ መርዶ ለየቤተሰቡ ተነገረ፤ የሦስት ቀን ሐዘንም ታወጀ። የሓትኖይም ቤት ተነገራት። ስለዚያ ቀን አልጽፍም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለሚቀጥለው ፋሲካ ቤታቸው ነበርኩ። ጠዋት ስገባ እግሬ ሥር ለስላሳ ነገር ተሰማኝ። ቄጤማ ነው። ብዙ አይደለም፤ ከበሩ እስከ ምደቡ ድረስ ሳሳ ብሎ ተበትኗል። የበተነችው ያቺው ልጅ ናት። ሓትኖይ ጥቁራቸውን አላወለቁም፤ ግን «ተዪው» አላሏትም። እኔም እንዳላየ ሆኜ ረግጬው ገባሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸው ነው። የፕላስቲክ አበባ ከመርካቶ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ደግሞም አይጠወልግም። ግን እጅሽን ሥራ ማስያዝ ከፈለግሽ ከቀላሉ ጀምሪ። በበዓሉ ዋዜማ ከመንገድ ዳር ሴቶች አንድ እስር ቄጤማ ግዢ። ወለሉን ጥረጊ። ሣሩን ፍቺውና ከበሩ ጀምረሽ ወደ ውስጥ በትኚው፤ እንግዳ የሚገባው በበሩ ነውና። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ጠርገሽ ጣዪው። ከዚያ ወደላቀው ለመሸጋገር ካማረሽ ክረምቱ ሲያልቅ መቐለ ነዪ። ሓትኖይ ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አሁንም ወስፌ ይይዛል። ተርትረው ያስቀመጡት የማዳበሪያ ክርም ገና አላለቀም።

ስትመጪ ግን ቶሎ ነዪ። ይህን እኔም ልጽፈው እችላለሁ፤ ላሳይሽ ግን አልችልም።