የቃሊቲ አየር በሰው አገር ልክ ሲለካ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ስለ አየር ልጻፍ። ስለ አየር ንብረት ጉባኤ ማለቴ አይደለም፤ ቢሮና ፋብሪካ ውስጥ ስለምንተነፍሰው አየር ነው።

ነገሩን የቆሰቆሰብኝ አንድ ኤሌክትሮመካኒካል ባለሙያ ወዳጄ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ የሥራ ቦታ ይዞኝ ሄደ። ጣሪያው ሥር ከላሜራ የተሠራ ትልቅ የአየር ቱቦ ተዘርግቷል፤ እነሱ ዳክት ይሉታል። ከዳክቱ ጎን መዳፍ የምታህል ሳጥን ተለጥፋለች፤ ከሳጥኗም ቀጭን ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቷል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር ናት። ሰው በዝቶ አየሩ ሲታፈን ፋኑን «በርታ» ትለዋለች፤ ሰው ሲቀንስ «ቀስ በል» ትለዋለች። መስኮቷ ላይ 960 ይላል። በዕድሜ ገፋ ያሉት የቦታው ኃላፊ «ከ1000 በታች ነን፤ ደህና ነው» አሉ። ወዳጄ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር የቃሊቲ አይደለም» አላቸው።

የማን ነው ታዲያ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ነበረብኝ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ገበሬው በስሙ ባያውቀውም በሥራው ያውቀዋል። በሐረርጌ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። የተቀበረ እህል ይተነፍሳል፤ ኦክስጅኑን ጨርሶ ጉድጓዱን በዚህ ጋዝ ይሞላዋል። ነቀዙ የሚሞተው በዚያ ነው፤ ሳያናፍስ የሚገባ ሰውም አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ ወዲያው አይገባበትም። በሌላው ዓለም ለውኃ ጉድጓድና ለማዕድን ማውጫ መብራት አስቀድሞ ማውረድ የቆየ ዘዴ ነው፤ ነበልባሉ ከጠፋ ሰው አይወርድም። ሴንሰር ማለት ያው እሱ ነው፤ ግን የሚናገረው «ትሞታለህ» ወይም «አትሞትም» ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ስላለው የራስ ምታት፣ ድብርትና የተበከለ ትንፋሽ ኩራዝ አይነግረንም።

ያንን መካከል በቁጥር የለካው ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር ነው፤ በሙኒክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1858። ሰው የሚያስወጣው ትንፋሽ ከመቶ 4 እጅ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የውጭው አየር ግን ዛሬ እንኳ ከአንድ ሚሊዮን 420 ገደማ ብቻ አለው። ፔተንኮፈር ያስተዋለው ነገር ቀላል ይመስላል። በዚህ መጠን ጋዙ ራሱ መርዝ አይደለም፤ የሌላ ሰው ትንፋሽ ምን ያህል ክፍሉ ውስጥ እንደተጠራቀመ የሚመሰክር ነው። ከሺህ 1 እጅ፣ ማለትም ከሚሊዮን 1000 ካለፈ ክፍሉ ታፍኗል አለ። የቃሊቲው ኃላፊ በልበ ሙሉነት የጠቀሱት 1000 የዚህ የሙኒክ ሰውዬ ቁጥር ነው። ከ160 ዓመት በላይ ኖሮ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በቻይናና በአውሮፓ ሳጥኖች ውስጥ ተቀምጦ እዚህ ደረሰ።

የመለኪያው ዘዴ በሌላ መንገድ መጣ። አሜሪካዊቷ ዩኒስ ፉት በ1856 በመስታወት ሲሊንደር የሞላችው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ ላይ ከተራ አየር ይልቅ እንደሚግል አሳየች። ጆን ቲንዳል በ1859 ጋዙ ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር፣ ኢንፍራሬድን፣ እንደሚውጥ በመሣሪያ ለካ። የዛሬዋ ሳጥን የእነሱ የልጅ ልጅ ናት። ባንድ ጫፍ ትንሽ መብራት፣ በሌላው ጫፍ ተቀባይ፤ በመካከላቸው አየር ያልፋል። የጋዙ ሞለኪውል ሲበዛ የሚደርሰው ጨረር ይቀንሳል። ማለትም ሞለኪውል ትቆጥራለች። ይህን ያዙልኝ።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ዳክት ውስጥ ለምን ገባ? እዚህ ላይ የእኛ ታሪክ ብቅ ይላል። በ1966 ዓ.ም. የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በየካቲት ሥራ አቆሙ፤ ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ያው የነዳጅ ቀውስ በምዕራቡ ዓለም ሕንፃ አሳሸገ። ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ገንዘብ ስላንገበገባቸው መስኮት ደፈኑ፤ ከውጭ የሚገባውን አየር ቀነሱ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለአንድ ቢሮ ሠራተኛ በደቂቃ 5 ኪዩቢክ ጫማ ንጹሕ አየር ይበቃል አለ። ሰዉ በየቢሮው ራሱን ይዞ ማማረር ሲጀምር፣ በ1989 ዝቅተኛውን ወደ 15 መለሱት። ነዳጅ ሳያባክኑ አየር ለማስገባት የተገኘው ማስታረቂያ ሴንሰሯ ናት፤ ሰው ሲኖር ብቻ ንፉ። እኛ ዘንድ አብዮት የወለደው ቀውስ እዚያ ይቺን ሳጥን ወለደ። (ማን እንዳተረፈ ለአንባቢ ልተወው።)

አሁን ወደ ቃሊቲ እንመለስ። ሳጥኗ ከፋብሪካ ስትወጣ የተስተካከለችው ለባሕር ወለል ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። አየሩ ስለሳሳ በአንድ ስኒ ውስጥ ያለው ሞለኪውልም በዚያው ልክ ያንሳል። ሞለኪውል የምትቆጥረው ሳጥን ደግሞ ያነሰ ባየች ቁጥር «ንጹሕ ነው» ትላለች። 960 ስትል እውነቱ 1240 ገደማ ነው። ፋኑን በ1000 እንድታስነሳ ከታዘዘች፣ የምታስነሳው እውነተኛው ቁጥር 1290 አካባቢ ሲደርስ ነው። መሣሪያዋ አልተበላሸችም። ጂቡቲ ወደብ ላይ ትክክል ናት፤ ዳገቱን ስትወጣ ማንም አልነገራትም።

ሁለተኛው ነገር ይብስብኛል። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ከጊዜ ብዛት እንዳይዛነፉ ራሳቸውን ያርማሉ። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያዩትን ዝቅተኛ ቁጥር «ይሄ የውጭ አየር ነው፣ 400 ነው» ብለው ይይዙታል። ሐሳቡ የቢሮ ሰው ሐሳብ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ሕንፃው ባዶ ይሆናል ከሚል ይነሳል። አቃቂ ግን የፋብሪካ ሰፈር ነው። ከሕንዶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ በ1950ዎቹ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰፈሩ የሦስት ፈረቃ ኑሮ ያውቃል። ክር እንዳይበጠስ አየሩ መርጠብ አለበት፤ ስለዚህ መስኮት ይዘጋል፤ ማሽኑ ሌሊትም አይቆምም። ሰው የማይወጣበት አዳራሽ አየሩ 400 አይደርስም። ሳጥኗ ግን ቀስ በቀስ የታፈነውን አየር ንጹሕ ብላ ትማራለች።

ጨርቃ ጨርቅን ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ጥጥ ከሚያፍታቱት ሠራተኞች 43.2 በመቶ፣ ከሚያባዝቱት 37.5 በመቶ የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይቺ ሳጥን ብናኝ አታይም። የከሰል ጭስ ገዳይ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድንም አታይም። የምታየው ትንፋሽን ብቻ ነው፤ ስለዚህ 600 ብትልም «አየሩ ጤናማ ነው» ማለት አይደለም።

«ታዲያ 1290 ሰው ይገድላል?» የሚል ይኖራል። አይገድልም። ግን የሌላ ሰው ትንፋሽ ውስጥ ምን አለ? ታይፔ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሳንባ ነቀርሳ ወረርሽኝ ሲነሳ፣ የክፍሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ3000 በላይ ነበር። አየር ማስገቢያውን አስተካክለው ወደ 600 አወረዱት። በ2020 የወጣው ጥናታቸው ይህ በንክኪ ሰዎች ላይ የሚከሰተውን አዲስ ነቀርሳ በ97 በመቶ ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ ይናገራል። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ነቀርሳ ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ የመደባት ናት።

ወረቀት አልጎደለንም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ 11ኛው መጽሐፍ ስለ አየር ማናፈሻና ማቀዝቀዣ የሚናገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 የሥራ ቦታ የሠራተኛውን ጤና አደጋ ላይ እንዳይጥል አሠሪውን ያስገድዳል። የጎደለው፣ በእኔ ግምት፣ ዕቃው ተገጥሟል ወይ ከሚለው አልፎ ለየትኛው ከፍታ ተስተካክሏል ብሎ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ ነው። በብዙዎቹ ሴንሰሮች ላይ ከፍታ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ መመሪያው ውስጥ ተጽፏል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ወዳጄ መሰላል ላይ ወጣ። መጀመሪያ ዘንጉ የገባበትን ቀዳዳ አየ፤ ዙሪያው ስላልታሸገ ከጣሪያው ሥር አየር እየሳበ የክፍሉን ትንፋሽ ያቀጥናል። በማስቲሽ ደፈነው። ቀጥሎ ሳጥኗን ከፍቶ ዜሮ ሜትር የሚለውን ወደ 2100 ለወጠ። ራስ ማረሚያውን አጠፋ። ቁጥሩ ትንሽ ዋዥቆ 1250 ላይ ቆመ። ከጣሪያው በላይ ፋኑ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ኃላፊው ቀና ብለው ሰሙትና «መብራት ይበላል አይደል?» አሉት።

«ይበላል፣ ጋሼ» አላቸው።