አንድ ማኅደር፣ ሁለት ሠራተኞች፦ ከኮምፒዩተር ጊዜ መጋራት ታሪክ



የመሥሪያ ቤት ሲስተም የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ አንድ ሠራተኛ በአንድ የተጠቃሚ ስም፣ በሁለት ኮምፒዩተሮች፣ በአንድ ጊዜ ይግባ ወይስ አይግባ? ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የደኅንነት ጉዳይ ሆኖ ይቀርባል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ሥሩ ሌላ ቦታ ይገኛል፤ ፕሮግራም ጸሐፊው ሳይናገር በያዘው ግምት ውስጥ።

ቀድሞ ተጠቃሚው የተበሳ ካርዱን ለኦፕሬተር አስረክቦ ውጤቱን ከሰዓታት በኋላ ይቀበል ስለነበር ጥያቄው ራሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. የተባለውን ሲስተም ለእይታ አቀረቡ። ማሽኑ ጊዜውን እየቆራረጠ ለበርካታ ተርሚናሎች ያድላል፤ እያንዳንዱም ተጠቃሚ ማሽኑን ለብቻው የያዘው ይመስለዋል። የይለፍ ቃል ያስፈለገው የእያንዳንዱን ፋይል ለመለየት ነበር፤ ለተጠቃሚም የማሽን ሰዓት ይመደብለታል። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት ስላልበቃው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል አሳትሞ በሌሎች ስም መሥራት ጀመረ። (የማሽን ሰዓት ያጣ ተመራማሪ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም።)

ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው በ1960ዎቹ አጋማሽ የደረሰው ነው። የጽሑፍ ማረሚያው ፕሮግራም ሲዘጋጅ በአንድ ማኅደር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ስለዚህ ጊዜያዊ ፋይሉ ምንጊዜም አንድ ቋሚ ስም ነበረው። አንድ ቀን ሁለት የሲስተሙ ባለሙያዎች በጋራ ማኅደራቸው ገብተው፣ አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ዝርዝር ያርሙ ነበር። ጊዜያዊ ፋይሎቹ ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በማስታወቂያው ፈንታ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል በተርሚናሉ ላይ ታትሞ አገኘው። ኮርባቶ የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህን ክስተት አንሥቶታል። ሰባሪ አልነበረም፤ ሁለቱም የተፈቀደላቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር።

ሁለተኛውን መግቢያ በመከልከል ብቻ መፍትሔ የሚሹ ተቋማት፣ በእኔ ግምት፣ ያንኑ አሮጌ ግምት በደንብ ኃይል ያስቀጥላሉ። ክልከላው የራሱ መዘዝም አለው፤ ተርሚናሉን ሳይዘጋ የሄደ ገንዘብ ያዥ ሌላ መስኮት ላይ መሥራት ሲያቅተው የባልደረባውን ስም ይዋሳል፤ ሒሳብ መርማሪውም ሰነዱን ማን እንደለወጠው ማወቅ ይሳነዋል።

የሲ.ቲ.ኤስ.ኤስ. ተተኪ የሆነው መልቲክስ ሌላ መንገድ መረጠ፦ ለእያንዳንዱ በሥራ ላይ ላለ ሂደት የራሱን ጊዜያዊ ማኅደር ሰጠው። አንድ ስም ሁለት ጊዜ ቢገባም ጊዜያዊ ፋይሎቹ አይገናኙም። አንዱን ቋሚ ሰነድ ሁለቱ ባንድነት ከፍተው ሲያርሙ የማንኛው እርማት ይጽና የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ አልተፈታም፤ የዳታቤዝ ሊቃውንት በ1970ዎቹ በሰፊው የያዙትም ይህንኑ ነው።