የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጠብና ዕርቅ

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጠብ የሚባለው በአንድ መቅደስ በሚቈርቡ ወይም በአንድ አዳራሽ በሚያመልኩ ምእመናን መካከል፣ አልያም በምእመናኑና በአገልጋዮቻቸው መካከል የሚነሣና የጋራ አምልኮን የሚያውክ አለመግባባት ነው። ላይ ላዩን ሲታይ የሁለት ሰዎች ቅያሜ ይመስላል። ሲመረመር ግን ከሥሩ ብዙ ጊዜ የውሳኔ ሥልጣን ጥያቄ ይገኛል፦ አስተዳዳሪውን ማን ይሾማል፣ የሙዳየ ምጽዋቱን ገንዘብ ማን ይቈጥራል፣ ስብከቱ በየትኛው ቋንቋ ይሁን፣ ሕንፃው በማን ስም ይመዝገብ። ይቅርታ የተቀያየሙትን ያስታርቃል እንጂ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሰጥም፤ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ደግሞ ውሎ አድሮ በሌሎች ሰዎች አፍ ይነሣል። ስለዚህ ዘላቂ የሚሆነው ዕርቅ አስተዳደሩንም አብሮ የሚያርም ዕርቅ ነው።

ለዚህ ቀዳሚው ማስረጃ ራሱ የሐዋርያት ሥራ ነው። በምዕራፍ 6 እንደተተረከው፣ የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት ምግብ እደላ ስለተዘነጉ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ማጉረምረም ተነሣ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ገሥጸው ዝም አላሰኙም፤ ሕዝቡ ራሱ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉና ሥራውን ለእነርሱ ሰጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ አንጾኪያዊው ኒቆላዎስ የተመረጡት ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። ጉባኤው እደላውን ቅሬታ ላቀረበው ወገን ቅርብ ለሆኑ ሰዎች አደራ የሰጠ ይመስላል፤ ይህን ያህል ድፍረት ያለው መፍትሔ ዛሬም በብዙ አጥቢያ አይገኝም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ሥርዓትም ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ለብቻ መነጋገር፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ምስክር ይዞ መሄድ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን መንገር። ዛሬ ብዙዎች ከመጨረሻው ይጀምራሉ፤ ወንድማቸውን ሳያነጋግሩ ነገሩን በዐውደ ምሕረት ወይም በዩቲዩብ ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳያፍር ወደ ኋላ መመለስ አይችልም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅርብ ታሪክ የጠቡንም የዕርቁንም ገጽታ ያሳያል። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ከተነሡና በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ ከተሾሙ በኋላ በስደት ሌላ ሲኖዶስ ቆመ። የአሜሪካ አጥቢያዎችም የአገር ቤቱ፣ የስደተኛውና ገለልተኛ ተብለው ተለያዩ፤ የአንድ ከተማ ሰው ለልጁ ክርስትና የሚጠራቸውን ዘመዶቹን እስኪመርጥ ድረስ ክፍፍሉ ቤት ገባ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተደረሰው ስምምነት በሁለቱ ሲኖዶሶች መካከል የነበረውን ውግዘት አነሣ፤ ከዚያም አልፎ የሥልጣኑን ጥያቄ በግልጽ መለሰ። የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በጸሎት እንዲነሣ፣ አስተዳደሩን ግን የአቡነ ጳውሎስ ተተኪ አቡነ ማትያስ እንዲይዙ ተወሰነ። ሆኖም ስምምነቱ ንብረታቸው በየራሳቸው ቦርድ ስም የነበረ አጥቢያዎችን አስተዳደር በአንድ ቀን ሊያዋሕድ አልቻለም። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ ኤጲስ ቆጶሳትን ሲሾሙ ካነሷቸው አቤቱታዎች አንዱ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎት ማነስ ነበር። ሹመቱ ሕገ ቀኖናን የጣሰ መሆኑ የቋንቋውን አቤቱታ ሐሰት አያደርገውም፤ በቀጣዩ ወር በየካቲት ከሊቃነ ጳጳሳቱ ጋር የተደረሰው ስምምነትም ሁለቱን ለይቶ ማየቱ ትክክል ነበር። አፈጻጸሙ ግን ቅሬታ አላጣውም።

ዕርቅ አስተዳደሩንም ማረም አለበት በሚለው አስተሳሰብ ላይ የሚነሣው ዋና ተቃውሞ፣ ደንብና ሕግ ማብዛት ቤተ ክርስቲያንን ድርጅት ያደርጋታል የሚል ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 6 አማኞች በማያምኑ ዳኞች ፊት መካሰሳቸውን መንቀፉም ይጠቀሳል። ነቀፌታው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ የሚጠይቀው በወንድሞች መካከል መፍረድ የሚችል ጠቢብ ሰው እንዲገኝ ነው። ዳኝነት አይኑር አላለም። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቃለ ዓዋዲ ደንብ ለሰበካ ጉባኤ የካህናትና የምእመናን ተወካዮችን የሰጠውም አጥቢያው የራሱን ጉዳይ በራሱ እንዲመክር ነው። ደንብ የሌለው አጥቢያ ከፍርድ ቤት አያመልጥም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ይደርስበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በጆንስና ዎልፍ ክርክር፣ ዳኞች ወደ ዶግማ ሳይገቡ የንብረቱን ሰነድና የቤተ ክርስቲያኒቱን መተዳደሪያ ደንብ ተመልክተው መወሰን እንደሚችሉ ፈርዷል። ሰነዱ አስቀድሞ በጥንቃቄ ካልተጻፈ፣ ምእመናን በመዋጮ የሠሩት ሕንፃ ዕጣ ባልተብራራ አንቀጽ ላይ ይንጠለጠላል።

ሌላው ተቃውሞ የገበና ጉዳይ ነው፤ ሽማግሌ ገብቶ በዝግ ቤት ቢጨርሰው ይሻላል ይባላል። ለቃል ግጭትና ለቅያሜ ይህ መልካም ነው፤ ሽማግሌው ግን የአንደኛው ወገን ዘመድ ወይም የክርክሩ ባለጉዳይ መሆን የለበትም። የነፍስ አባትም የሁለቱንም ኑዛዜ የሰማ ሰው ስለሆነ ዳኛ ሆኖ ባይቀመጥ ይመረጣል፤ የሰማውን ሊጠቀምበት አይችልም፣ ሊረሳውም አይችልም። የገንዘብ ጉድለት ሲሆን ከሽምግልናው በፊት ከአጥቢያው ውጭ የመጣ ኦዲተር ሒሳቡን ይመርምር፤ ቁጥሩ ሳይታወቅ ይቅር መባባል ንጹሑንም በጥርጣሬ ያስቀረዋል። ሕፃን ወይም ሴት የተጠቃችበት ጉዳይ ግን ከነጭራሹ ጠብ አይደለም፤ ወንጀል ነው። ተጠቂዋን ከአጥቂዋ ጋር ለብቻዋ አስቀምጦ ማነጋገር የማቴዎስን ምዕራፍ 18 አለቦታው ማዋል ነው፤ ጉዳዩ በዚያው ቀን ለፖሊስ መድረስ አለበት፣ ተጠርጣሪው አገልጋይ ከሆነም ምርመራው እስኪያልቅ ከአገልግሎት ይታገዳል።