የጠገራ ብር ምስክርነት

ብር የሚለው ቃል በአማርኛ የሁለት ነገር ስም ነው፤ አንጥረኛ የሚያቀልጠው ማዕድን ብር ይባላል፥ ነጋዴ የሚቈጥረውም ገንዘብ ብር ይባላል። ይህም እንዲያው በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱ በእውነት አንድ የነበሩበት ዘመን ነበረና ነው። በዚያ ዘመን ክፉ ቀን ደርሶባት ወይም ጌጡ አላስፈልግ ብሏት አልቦዋን ለመሸጥ ወደ ገበያ የወጣች ሴት፥ የተሰጣት ዋጋ የተገባ መሆኑን የምታረጋግጥበት ምስክር ነበራት። ምስክሩም ጠገራ ብር ነበረ።

ጠገራ ብር የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1780 ዓመት ሞተች፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ሕዝብ የለመደውን መልክ ስለ ወደደ፥ ገንዘቡ ከዚያ በኋላም በዚያው በ1780 ቍጥር ይሠራ ነበር። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው፥ የቀረው መዳብ ነው። ወርቅ የሚመዘንበት ወቄት እንኳ በዚሁ በአንድ ጠገራ ብር ክብደት ይለካ ነበር።

ጌጥ ማሠራት የፈለገ ሰው ለአንጥረኛ ጠገራ ብር ቈጥሮ ይሰጠዋል፤ አንጥረኛውም አቅልጦ አምባር፥ አልቦ ወይም ድሪ ያደርገዋል፤ ብዙ የአንገት መስቀልም ከዚሁ ገንዘብ ተቈርጦ ተሠርቷል። እንግዲህ ጌጥ ማለት በሰውነት ላይ የተቀመጠ የቤት ሀብት ነበረ። በሚሸጥበትም ጊዜ ጌጡ በሚዛን በአንዱ ወገን፥ ጠገራ ብሩ በሌላው ወገን ይቀመጣል። አምስት ጠገራ ብር የሚመዝን አልቦ 140 ግራም ያህል ነው፤ አንጥረኛው መዳብ ያልጨመረበት እንደ ሆነ፥ 117 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለበት። ይህን ያህሉን ሻጭም ገዢም በዓይናቸው ያዩታል።

ይሁን እንጂ ሚዛን ሁሉን አይናገርም። መዳብ የበዛበት ጌጥ ክብደቱ ሳይጐድል ንጽሕናው ይጐድላል፤ የአንጥረኛው ጥበብና ድካምም በሚዛን ላይ አይታይም። ደግሞም ብር ራሱ ዋጋው የሚነሣና የሚወድቅ ነው። ጀርመንና ሌሎች የኤውሮጳ መንግሥታት ገንዘባቸውን በወርቅ ባቆሙ ጊዜ፥ በለንደን ገበያ በ1873 አንዱ አውንስ 59 ፔንስ ያህል ያወጣ የነበረው ብር፥ በ1894 ወደ 29 ፔንስ ወረደ። ያች ሴት በአልቦዋ ያንኑ አምስት ብር ብታገኝም፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ዕቃ እንደ ቀድሞው አትገዛበትም ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓመተ ምሕረት የራሳቸውን መልክ ያለበትን ብር ባሠሩ ጊዜ፥ በክብደቱም በንጽሕናውም ከጠገራ ብር ጋር የተካከለ አደረጉት። ቢሆንም ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን መረጠ፤ ምስክር በአንድ ቀን አይለወጥምና። ጠገራ ብር ከገበያ የወጣው በ1937 ዓመተ ምሕረት አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። ገንዘብ ወረቀት ሆነ፤ ስሙ ብቻ ብር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ጌጥ የሚሸጥ ሰው የሚዛኑ ሌላ ወገን ባዶ ሆኖበታል። ሚዛኑም የዕለቱም ዋጋ በገዢው እጅ ነው፤ ሻጩ ግን የሚያውቀው የእናቱ ጌጥ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ የጥንቱ ሥርዓት ያስተማረው ነገር ዛሬም አላረጀም፤ አስቀድሞ በሌላ ሰው ሚዛን ማስመዘን፥ ንጽሕናውን ማስመርመር፥ የዕለቱን የብር ዋጋ መጠየቅ፥ የማዕድኑን ዋጋ ከእጅ ሥራው ዋጋ ለይቶ መቍጠር ነው። የቀለጠ ጌጥ ክብደቱ ይቀራል፥ ጥበቡ ግን አይመለስም።

በጠገራ ብር ጠርዝ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የንግሥቲቱ ቃል ተቀርጿል። በአገራችን ገበያ ያን ጽሑፍ ያነበበው ጥቂት ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ገንዘቡ በሚዛን ላይ በተቀመጠ ቍጥር፥ ቢያንስ የፊተኛውን ቃል ለደካማዪቱ ሻጭ ይፈጽምላት ነበር።