ሰነደ ሙዓለ ንዋይ፦ ገንዘቤ የት ዋለ?

በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በብዙ ቤት፣ ከመሬት ደብተሩና ከልጆቹ ካርድ ጋር ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አንድ ወረቀት አይጠፋም፤ የሕዳሴ ግድብ ቦንድ። ግድቡ በመጋቢት 2003 ሲጀመር መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ገበሬውም ገዝቶታል። ብዙዎች ያኔ የከፈሉትን እንደ መዋጮ ነው የሚያስቡት። በሕግ ዓይን ግን ያ ወረቀት ሰሞኑን ከዜና የማይጠፋው ቃል አንዱ ዘር ነው፤ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ። ፈረንጆች ሴኩሪቲ የሚሉት ማለት ነው።

ቃሉ ሲሰሙት ይከብዳል፤ ሲፈቱት ግን የቤት ቃል ነው። ሰነድን እናውቀዋለን። ንዋይ ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ንብረት፣ ገንዘብ ማለት ነው። ንዋየ ቅድሳት ሲባል የሰማ ሁሉ አይስተውም። የሚያደናግረው መሐል ያለው ነው። ሙዓለ ሕፃናት የምንለው ሕፃናት ውለው የሚመጡበትን ቤት አይደል? ሙዓለ ንዋይንም እንዲሁ አንብቡት፤ ገንዘብ የሚውልበት። እኛም ስንናገር ‘ብሩን ሥራ ላይ አዋለው’ እንላለን። እንግዲህ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገንዘብ ሌላ ሰው ዘንድ ሊውል ሲሄድ በባለቤቱ እጅ የሚቀር ወረቀት ነው። አክሲዮን፣ ቦንድ፣ መንግሥት የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ፣ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ።

ትርጉሙን የወደድኩት ጥያቄውን በሆዱ ስለያዘ ነው። ጎተራ ውስጥ ያለ በቆሎ ባለቤቱ ዓይን ሥር ነው፤ ነቀዝ ቢገባው ያያል። ምዕራብ ጎጃም፣ ማንኩሳ ያለ ገበሬ አዲስ አበባ ላለ ኩባንያ የሰጠውን ብር ግን አያየውም። ስለዚህ ‘ገንዘቤ የት ዋለ? ከማን ጋር ዋለ?’ ብሎ መጠየቅ አለበት። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የወጣው ይህ ጥያቄ መልስ እንዲኖረው ነው ብል አላጋነንኩም። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው ይኸው አዋጅ ነው።

በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአክሲዮን ገበያ ነበረ፤ ደርግ ኩባንያዎቹን ሲወርስ አብሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር 2017 ድረስ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ እስኪከፈት፣ አክሲዮን የገዛ ሰው መልሶ የሚሸጥበት የታወቀ ገበያ አልነበረውም። በገበያው በመጀመሪያ የተመዘገበው የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2017፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለኢትዮጵያውያን ለመሸጥ አወጣ፤ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ገዢዎቹም ከ47 ሺህ በላይ።

ሽያጩ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት በቴሌብር ነበር፤ ስልክ ላለው ሰው ገበያው ደጃፉ ድረስ መጣ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሕጉ ለሕዝብ የሚሸጥ ሰነድ አስቀድሞ መግለጫ ይውጣለት ይላል፤ የኩባንያው ሀብትና ዕዳ፣ የሚመሩት ሰዎች፣ ሊገጥመው የሚችለው ኪሳራ ሁሉ የሚጻፍበት። ፕሮስፔክተስ ይሉታል። በአማርኛ ‘ደንበኛ ሳቢ መግለጫ’ ሲባልም ይሰማል፤ ይህን ስም ግን አልቀበለውም። መሳብ የማስታወቂያ ሥራ ነው። ይህ ሰነድ የተፈለገው ገዢው ጉዳቱንም አውቆ፣ ካልፈለገ ትቶት እንዲሄድ ነው። ‘ገሃድ ማውጫ’ ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ።

መግለጫው የሚነበበው ደግሞ በአብዛኛው በኢንተርኔት ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የቡሬ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ታትሞ፣ ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ ገዢው ግን ሳያየው ቢቀር ሕጉ ተፈጽሟል ይባል ይሆናል። እኔ ግን ተነግሮታል አልልም።

ሌላው ነገር በሕግ አንቀጽ የማይያዝ ነው። በአገራችን አክሲዮን የሚሸጠው በትርፍና ኪሳራ ስሌት ብቻ አይደለም፤ በወገን ፍቅርም ነው። ‘የእኛ ባንክ፣ የእኛ ፋብሪካ’ ይባላል። የሚሸጠው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ወይም የዕድር ጸሐፊው፤ ‘ሒሳቡን አሳየኝ’ ማለት እሱን እንዳለማመን ይቆጠራል። መጠየቁ ግን ነውር አይደለም። የሚሸጠውም ሰው ‘አጎቴ፣ ይህ ብር ሊጠፋም ይችላል’ ብሎ ከአፉ ቃል ማውጣት ይገባዋል።

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። ቡሬ ላይ ባለው በዳሞት የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥር ባሉ ማኅበራት እጣ አለው። ግን ልዩነቱን ይያዝ። በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሁሉ አንድ ድምፅ አለው፤ እጣው ቢበዛም ቢያንስም። በአክሲዮን ኩባንያ ግን ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ልክ ነው። 33 አክሲዮን የያዘ ሰው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የሚያስቀይረው ነገር የለም። መከታው መረጃ ነው።

ስለዚህም ሕጉ በውስጥ መረጃ መነገድን ይከለክላል። ይህ ለቡሬ ነጋዴ መጀመሪያ ግራ ቢሆንበት አልፈርድበትም። የበርበሬ ነጋዴ የመርካቶን ዋጋ በስልክ ቀድሞ ሰምቶ ከገበሬው ቢገዛ ጎበዝ ነጋዴ ይባላል፤ ደውሎ፣ ተሯሩጦ ያገኘው ወሬ ነው። የባንክ ዳይሬክተር ግን የዘንድሮው ትርፍ እጥፍ መሆኑን ያወቀው ባለአክሲዮኖቹ በሰጡት ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ነው። ሒሳቡ ይፋ ሳይወጣ፣ በአማቹ ስም፣ ብር ከቸገረው ገበሬ አክሲዮኑን በርካሽ ቢገዛው፣ ገበሬውን በገዛ ገንዘቡ በተገዛ ወሬ ዘረፈው። ዋጋ ለማስወደድ የሐሰት ወሬ መንዛትና እርስ በርስ የይስሙላ ግዢ መፈጸምም እንዲሁ ተከልክሏል።

ቃሉን በተመለከተ፣ በሕግና በጽሑፍ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ይጽና። ለእናቴ ሳስረዳት ግን ‘የገንዘብ መዋያ ወረቀት’ እላታለሁ። የቦንዱን ወረቀት ከሳጥኑ አውጥታ ‘ይኼም?’ አለችኝ። ይኼም፣ አልኳት። የሚመለስበትን ቀን አብረን ፈለግን።